የመቅደላ ቅርሶች ባሉበት ሙዚየም የአማርኛ ፕሮግራም ይኑር

ለቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም የሕዝብ ፕሮግራሞች ክፍል
ሳውዝ ኬንሲንግተን፣ ለንደን

ግልባጭ፦ በለንደንና በአካባቢዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በሙሉ

ጉዳዩ፦ በመቅደላ ቅርሶች ዙሪያ ቋሚ የአማርኛ ፕሮግራም እንዲኖር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የምጠይቃችሁ አማርኛ የሚናገር ሰው በሙዚየማችሁ ውስጥ በራሱ ቋንቋ እንዲስተናገድ ነው። ስለዚህ ጥያቄውም በዚያው ቋንቋ ይምጣ አልኩ። አስተርጓሚ አይቸግራችሁም። ለንደን ውስጥ ሞልተናል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እናንተ ዘንድ ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች አሉ። የወርቅ ዘውድ አለ። የወርቅ ጽዋ አለ። የአጼ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ የሚታመን ባለ ጥልፍ ቀሚስ አለ። የብር ጌጣጌጥም አለ። ታሪኩን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ግልባጩ ለሚደርሳቸው ወጣቶች ግን በአጭሩ ላስታውስ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባን ያዘ። አጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከሚሰጡ ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሩ አምባውን ዘረፈ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትም አልቀረ። የተዘረፈው ሁሉ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወጣ። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተባለበት። እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንገድ ላይ አረፉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እዚህ አገር ደርሶ በ18 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ዊንዘር ነው።

ከእኛ መሃል ብዙ ሰው ዘውዱን “የቴዎድሮስ ዘውድ” ይለዋል። ዘውዱ ግን አጼ ቴዎድሮስን መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ አጼ ኢያሱ አሠርተው፣ ጎንደር አጠገብ ላለችው ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት እንደሆነ ይታመናል። ዙሪያውን ወንጌላውያንና ሐዋርያት ተቀርጸውበታል። ጽዋውም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። የሠራው ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ባለሙያ እንደሆነ የእናንተው መዝገብ ይናገራል። የአንድ ጎንደሬ አንጥረኛ ስም ከሥራው ጋር ሳይጠፋ ለዛሬ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ይህን ላያውቅ ይችላል። ጎንደር ሄዶ የማያውቅ፣ ለንደን የተወለደ ልጅማ ከየት ያውቀዋል?

እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋችሁ ዕቃዎቹን ለሕዝብ አሳይታችኋል። ማሳያው እስከ 2019 ቆየ። ከኤምባሲያችንና ከማኅበረሰባችን ሰዎች ጋርም መክራችኋል። ይህ ጥሩ ጅምር ነበር፤ ምስጋናዬን ከልቤ አቀርባለሁ። አሁን የምጠይቀው ነገር ክብ ዓመት የሚጠብቅ መሆን የለበትም። በየዓመቱ መርሃ ግብራችሁ ውስጥ የታወቀ ቦታ ይኑረው። ለቀጣዩ ክብ ዓመት፣ ለ200ኛው፣ ብዙዎቻችን አንደርስም።

ስለ ሰዓት ላንሳ፤ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙዚየማችሁ እ.ኤ.አ. በ1857 ሳውዝ ኬንሲንግተን ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄንሪ ኮል አዳራሾቹን በጋዝ መብራት አስበርቶ ማታ ማታ ክፍት አደረጋቸው። ቀን ሥራ ላይ የሚውል ሰው ሙዚየም ማየት የሚችለው ማታ ነዋ። ለሠራተኛው ሕዝብ የሚመቸው ሰዓት የትኛው እንደሆነ በተግባር እንየው ብሎ ነበር የተነሳው። ምግብ ቤትም ጨመረበት። በዚያ ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር። እኔ ሙዚየማችሁን የማከብረው ከምንም በላይ በዚህ ነው።

ዛሬስ የለንደን ሠራተኛ ሕዝብ ማን ነው? ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳው ነው። አረጋውያንን የሚንከባከበው ነው። አውቶቡስና ታክሲ የሚነዳው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሐበሻ ብዙ አለ።

የወሩን የመጨረሻ አርብ እየጠበቃችሁ የምታዘጋጁት “ፍራይደይ ሌት” ደስ የሚል የምሽት ፕሮግራም ነው። መግቢያው በነጻ ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሙዚቃው፣ ውይይቱ፣ የእጅ ሥራው ይቀጥላል። ለወጣቶቻችን ይመቻል። ለወላጆቻቸው ግን አርብ ማታ አይሆንም። ለታክሲና ለኡበር ሾፌር አርብ ማታ የሳምንቱ ገቢ የሚሞላበት ሰዓት ነው። የኦርቶዶክስ አማኝ ደግሞ አርብን ይጾማል። ይህኛው እንኳ ቀላል ነው፤ እናንተ ቪጋን የምትሉት ምግብ ለእኛ የጾም ምግብ ስለሆነ ካፌያችሁ ትንሽ ቢያስብበት ይበቃል። የሁዳዴ ነገር ግን ከበድ ይላል። በዚያ 55 ቀን ውስጥ ጭፈራ ያለበት ምሽት ብታዘጋጁ ብዙ ሰው አይመጣም። በገና የሚደረደርበት ምሽት ካዘጋጃችሁ ግን አዳራሹ ይሞላል። በረመዳንም የማፍጠሪያውን ሰዓት ያላገናዘበ ፕሮግራም ሙስሊም ወገኖቻችንን ውጭ ያስቀራል። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የእኛን የቀን መቁጠሪያ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ ይህ ሁሉ ይቃለላል።

ለእኛ የሚመቸው እሑድ ከሰዓት ነው። ቅዳሴ ያልቃል። ሰው ነጭ ለብሶ፣ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ከቀኑ 8 ሰዓት ብትጀምሩ እስከ መዝጊያችሁ፣ እስከ 11 ሰዓት ከ45፣ ከሦስት ሰዓት በላይ አለ። በሦስት ወር አንድ እሑድ እንኳ ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል። አማርኛ የሚናገር አስጎብኚ፣ አንድ ንግግር፣ ለልጆች አንድ የእጅ ሥራ ይኑር። ለትግርኛና ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ብታደርጉ ደስታዬ ነው። እኔ የምጽፈው በማውቀው ቋንቋ ስለ ማውቀው ሰው ነው።

ስለ ጽዋው ለብቻው መናገር አለብኝ። ጽዋው የቅዳሴ ዕቃ ነው። ክቡር ደሙ የሚቀርብበት ነው። በእኛ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ንዋየ ቅድሳት ምእመን አይነካውም። እባካችሁ እሱ ባለበት ክፍል መጠጥ የሚሸጥበት፣ ዲጄ የሚጫወትበት ምሽት አታዘጋጁ። በ2018ቱ ማሳያ ላይ አንዲት አዛውንት እናት መስታወቱ ፊት ሲደርሱ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። ልጃቸው “እማዬ፣ ሙዚየም ነው እኮ” አለቻቸው። እሳቸው ቤተ መቅደስ ፊት እንደቆሙ ተሰምቷቸዋል። እሷ ደግሞ ሰው እንዳያያቸው ተሳቃለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ፕሮግራም ስታቅዱ ሁለቱንም አስቡልን። አንድ ካህን መጥተው ጽዋ በቅዳሴ ውስጥ ምን እንደሚያገለግል ቢያስረዱ፣ ለፈረንጁም ጎብኚ ከየትኛውም የግድግዳ ጽሑፍ የበለጠ ይገባዋል።

ቀሚሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በጥጥ ጨርቅ ላይ በቀለማት ሐር የተጠለፈ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ጥልፍ የሚችሉ እናቶች አሉ። ጥጥ ባዝተው በእንዝርት ፈትለው ያደጉ አሉ። እነዚህ ሴቶች ጥልፉን አይተው ከየት ተጀምሮ የት እንደተቋጠረ፣ እጁ የለመደ እጅ መሆኑን መናገር ይችላሉ። ሙዚየማችሁ ግን እነሱን እስኪጋብዛቸው ድረስ ይህን እውቀት ማንም አይጽፈውም። ቀሚሱ አጠገብ ወንበር ስጧቸው። ክርና መርፌ፣ አንድ አንድ ቁራጭ ጨርቅም ስጧቸው። ልጆቻቸውን፣ የፋሽን ተማሪዎቻችሁን፣ የመጣውን ጎብኚ ሁሉ ያስተምሩ።

ሙዚየማችሁ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ከ1851ዱ ታላቅ ኤግዚቢሽን በኋላ ነው። ዓላማው ባለሙያውና ፋብሪካው ከጥሩ ሥራ እንዲማር ነበር። ታዲያ ከዚህ ቀሚስ ሊማር የሚገባው የመጀመሪያው ባለሙያ ማን ነው? ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ የሚጠልፈው ልጅ አይደለም ወይ? እሱ ቪዛ አያገኝም። ቢያገኝም ለአውሮፕላን የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደ እሱ ይሂድ። ቀሚሱን ከፊትም ከኋላም፣ ስፌቱን ከውስጥ በኩልም ጥርት አድርጋችሁ አንሱት። ልኩንና የጥልፉን ንድፍ አውጥታችሁ በነጻ ልቀቁት። ከዚያ አንድ ቀን በቪዲዮ ሽሮ ሜዳን፣ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎችንና የለንደን እናቶችን አገናኙ። ዕቃው በሕጋችሁ ምክንያት አልንቀሳቀስ ቢል እንኳ፣ ንድፉ ላይ ያለውን እውቀት የሚከለክል ሕግ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2025 በምሥራቅ ለንደን፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ኦሎምፒክ ፓርክ የከፈታችሁት አዲሱ ማከማቻም ለዚህ ይመቻል። ማንኛውም ሰው ቀድሞ አስመዝግቦ እስከ 5 ዕቃ አስወጥቶ በቅርብ ማየት ይችላል። ይህ ለሕዝብ የተሰጠ ትልቅ ክብር ነው። ከመቅደላና ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የመጡ ዕቃዎች የትኞቹ በዚህ መንገድ ሊታዩ እንደሚችሉ በአማርኛ ዘርዝራችሁ አሳውቁን። አንድ የእድር ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ቡድን አብሮ መጥቶ የሚያይበት ሰዓትም መድቡ።

ለልጆች አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ፣ መላእክት ይሥላሉ። ሥዕሉን ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራሉ። “እንቁጣጣሽ” ብለው ይሰጣሉ፤ ሳንቲም ይቀበላሉ። ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው ይዘፍናሉ። ብዙዎቻችን ቀለም መጀመሪያ የጨበጥነው ለዚህ ነው። ከየቤቱ የሚወጣ፣ ዳኛ የሌለበት፣ ሰፈሩ ሁሉ ተመልካችም ገዢም የሚሆንበት የልጆች ኤግዚቢሽን ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሕዝብ ሥዕል አያውቅም ሊባል አይችልም።

እንቁጣጣሽ በእናንተ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 12 ይሆናል። የለንደን ዲዛይን ፌስቲቫል ደግሞ በዚያው ወር አጋማሽ ነው፤ ሙዚየማችሁም ለዓመታት የፌስቲቫሉ ዋና ቤት ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱ በቀናት ልዩነት ይገናኛሉ። ቤትናል ግሪን ባለው የልጆች ሙዚየማችሁ፣ በያንግ ቪ ኤንድ ኤ፣ የእንቁጣጣሽ የሥዕል ቀን ይኑር። ልጆቹ ይሣሉ። ከዚያ ሥዕላቸውን ይዘው አዳራሹን ይዙሩ፤ ለጎብኚው እየሰጡ እንኳን አደረሰዎ ይበሉ። የጃማይካው፣ የባንግላዴሹ፣ የፖላንዱ ልጅም አብሮ ይሣል። ሴቶች ልጆችም ይሣሉ፤ ወንዶቹም ይዝፈኑ። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን የራሳቸው በዓል በትልቅ ሙዚየም ሲከበር ማየታቸው ብዙ ነገር ይለውጣል።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። ኢትዮጵያ በተጠራች ቁጥር ቡናና እስክስታ ብቻ አይቅረብ። ሁለቱንም እወዳለሁ። ነገር ግን የእናንተ ቤት የዲዛይን ቤት ነው። ጀበናው እንዴት እንደሚሠራ፣ የመሶብ ስፌት እንዴት እንደሚቆጠር፣ የላሊበላ መስቀል ከጎንደር መስቀል በምን እንደሚለይ፣ ብራና እንዴት እንደሚፋቅ የሚያሳይ ፕሮግራም ከእናንተ ይጠበቃል። ቡናውም ይፈላ፤ ከሰሉና ዕጣኑ ለአዳራሽ ስለማይሆን መሃል ያለው ግቢያችሁ ይበቃል።

ለሚያቀርቡት ሰዎች ክፈሉ። በገና ደርዳሪው፣ ጠላፊዋ፣ አስጎብኚው፣ ንግግር የሚያደርጉት አባት ለሌላው አርቲስትና ምሁር የሚከፈለውን ያህል ይከፈላቸው። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለው፤ አይጠይቅም። “ለአገሬ ነው” ብሎ የሥራ ፈረቃውን ጥሎ ይመጣል። ይህን ቅንነት እንደ ነጻ ጉልበት አትቁጠሩት።

በየዓመቱም ለሚያዝያ 6 ቅርብ የሆነ አንድ እሑድ የመቅደላ መታሰቢያ ይሁን። ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ጸጥ ያለ ይሁን። ታሪኩ ሳይለዝብ ይነገር። “ተሰበሰበ”፣ “ተገኘ” ሳይሆን ተዘረፈ ይባል። የሟቹ ልዑል ፎቶግራፍም ይታይ፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን መቅደላ በተያዘበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ያነሳችው፣ ዓይኑ ላይ ሐዘን የሚነበብበት የሰባት ዓመት ልጅ።

አሁን ሁላችንም የምናውቀውን ላንሳ። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የብሔራዊ ቅርስ ሕግ ዕቃዎቹን እንዳትመልሱ እንደሚያስራችሁ ትናገራላችሁ። በ2018 ዳይሬክተራችሁ የረጅም ጊዜ ውሰት ሐሳብ አቅርበዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ ይመለስልን ብላ ጠይቃለች። በ2024 እናንተና የብሪቲሽ ሙዚየም የአሳንቴን የወርቅ ቅርሶች በውሰት ለጋና ኩማሲ ስትልኩ ዓለም አይቷል። እኔ ይመለስ ከሚሉት ወገን ነኝ። ተወስዶብን ለእኛው በውሰት መሰጠቱ ያመኛል። የጠየቅኩት ፕሮግራምም የመመለስ ካሣ ተደርጎ እንዳይታይ አደራ። ክርክሩ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እናቶቻችን እያረጁ ነው፤ ልጆቻችን እያደጉ ነው። ዘውዱ ቁስቋም እስኪደርስ ድረስ የእሱ ሰዎች እንደ ባለቤት ይስተናገዱ።

ግልባጩ ለደረሳችሁ ወገኖቼም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሙዚየሙ መግቢያው በነጻ ነው። የሚጠይቃችሁ የለም። ሳውዝ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ ስትወርዱ ወደ ሙዚየሞቹ የሚወስድ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ዝናብ አያገኛችሁም። “የፈረንጅ ቦታ ነው፣ ምን አገባኝ” አትበሉ። የአያቶቻችን እጅ ሥራ እዚያ ነው። ሕንጻው ያስፈራል፤ ገብታችሁ ዞር ዞር ስትሉ ግን ትለምዱታላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ኢትዮጵያ ዕቃዎች በር ላይ ያሉትን ሠራተኞች ጠይቁ። የሰው ፍላጎት ካልታየ ማንም ፕሮግራም አያዘጋጅም፤ የትኛውም ሙዚየም የሚመጣውን ሰው ይቆጥራል። አስተያየት መስጫው ላይም በአማርኛ ጻፉ።

የተከበራችሁ የፕሮግራሞች ክፍል ኃላፊዎች፣ መልሳችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እቀበላለሁ። የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ስብሰባ ቢሆን ጥሩ ነው። ካህናትን፣ ሙስሊም ወገኖቻችንን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚያስተምሩትን፣ ጥልፍ የሚችሉትን እናቶች፣ እዚህ የተወለዱትን ወጣቶች ጥሩ። የራስ ተፈሪያን ወንድሞችና እህቶችንም አትርሱ፤ ስለ መቅደላ ብዙዎቻችን ዝም ባልንበት ጊዜ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። ስብሰባው እሑድ ከሰዓት ይሁን፤ ሻይና የጾም ብስኩት ይኑር።

ከአክብሮት ጋር፣
በለንደን ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ